ያልተበተነው ሰልፍ

ማታ አይደለም የሆነው። ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ እንዲህ ያለ ታሪክ ሲነገር ሰው ሁሉ ጨለማና የጅብ ጩኸት ይጠብቃልና።

ጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ከሩብ።

ወሩ ጥር፣ ዓመቱ 2016። ቦታው ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራም፤ ዛሬም ልጆች ይማሩበታል።

የደረሰባት የአክስቴ ልጅ ሸዋሉል ናት። ፓዌ አብረን ነው ያደግነው። ወላጆቻችን በሰፈራው ጊዜ ከወሎ መጥተው፣ ጫካ መንጥረው፣ ከወባ ጋር እየታገሉ ነው ያሳደጉን፤ በትንሽ በትልቁ አንደነግጥም። እኔ ደግሞ ሰው የጂን ወሬ ሲያወራ ሳቄን መያዝ አቅቶኝ የምሰደብ ሰው ነኝ።

ይህን ስትነግረኝ ግን አልሳቅሁም። ሸዋሉል አትዋሽም...

አይ፣ እሱን እንኳ ልተወው። ሸዋሉል ትዋሻለች። ታሪኩም የሚጀምረው ከውሸቷ ነው።

ሸዋሉልና ባሏ ምስጋና ሁለቱም መምህራን ናቸው፤ እሷ አማርኛ፣ እሱ ሒሳብ። በዚያ ዓመት መስከረም ላይ ነው ወደዚያ ትምህርት ቤት የተዛወሩት። ምስጋና ጎን ለጎን አሶሳ ላይ ቤት ያሠራ ነበር። ቤት የሚያሠራ ሰው ታውቃላችሁ አይደል? ሲሚንቶ መጣ ሲሉት ይሄዳል፣ አናጢው ጠፋ ሲሉት ይሄዳል። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ከሥራ ይቀራል።

“ሸዋዬ፣ የዛሬን ብቻ ሸፍኚኝ” ይላታል ሞተሩን እያስነሳ።

የዛሬን ብቻ! የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ።

እሷም ትሸፍነዋለች። ፊርማውን ትፈርምለታለች። ስብሰባ ላይ ስሙ ሲጠራ “አለ! ክፍል ገብቶ ነው” ትላለች። ተቆጣጣሪ ሲመጣ “አለ! ሆዱን አሞት ወጣ ብሎ ነው” ትላለች። መምህር የሆናችሁ ይህን ታውቁታላችሁ። ከመካከላችሁ ያልፈረመ፣ ያልተፈረመለት ካለ እስቲ እጁን ያውጣ።

አንድ ነገር ብቻ ነበር።

ገና እንደደረሱ ርዕሰ መምህሩ ሀይደር ቢሮው ጠርቶ አስጠንቅቋቸዋል። ሀይደር የዚያው አካባቢ ልጅ ነው፣ በርታ ነው፤ ረጋ ያለ፣ ቀልድ የማይወድ ሰው።

“ከስድስት ተኩል በኋላ ግቢው ባዶ ይሁን” አላቸው። “ሁሉም ለምሳ ይወጣል። ስምንት ሰዓት እንመለሳለን።”

“ለምን?” አለ ምስጋና።

“ሜዳው በደርግ ጊዜ የተዋጊዎች ካምፕ ነበር። ለደቡብ ሱዳን ነጻነት የሚዋጉ ሰዎች በየቀኑ እዚህ ይሰለፉ ነበር።”

“እና?”

“እና... ሰባት ከሩብ ላይ ስም ይጠራል።”

ምስጋና ሳቀ። ሀይደር አልሳቀም።

“የራሳችሁን ስም ብትሰሙ አቤት አትበሉ። ዝም ካላችሁት ያልፋል። የሚፈልገው አንድ ሰው ነው፤ እስከ ዛሬ ማንም አልመለሰለትም።”

ሸዋሉል ምክሩን ይዛዋለች። ጠሪውን ሳያዩ አቤት እንደማይባል እናቷም ስትነግራት ነው ያደገችው። አራት ወር ሙሉ በምሳ ሰዓት ግቢው ውስጥ አልቆየችም።

ያን ዕለት ግን ሮስተር ደረሰ።

ማክሰኞ ነው። የመንፈቁ ውጤት ስምንት ሰዓት ላይ መግባት አለበት። ምስጋና ቆርቆሮ ሊገዛ አሶሳ ሄዷል፤ የሱም ክፍል ሮስተር እሷው ላይ ወድቋል። ሁለት ክፍል፣ መቶ አሥራ ምናምን ተማሪ። ሁሉም ሲወጡ እሷ የመምህራን ክፍል ውስጥ ቀረች። “አሁን ጨርሼ እወጣለሁ” እያለች ሰዓቱ ነጎደ።

መጀመሪያ ግቢው ዛፍ ላይ ያሉት ዋኖሶች ዝም አሉ።

እስክሪብቶዋን አቁማ አዳመጠች። ቅጠል አይንቀሳቀስም። በመስኮቱ የሚታየው ሜዳ ባዶ ነው፣ ፀሐይ ብቻ።

ከዚያ ፊሽካ ተነፋ።

ቀጥሎ የሰው ድምፅ መጣ። የደከመ፣ ጉሮሮው የደረቀ ሰው ድምፅ። እየጠራ፣ ትንሽ እየጠበቀ፣ ያልፋል።

“ሀይደር...”

ዝም።

“ዳበሳ...”

ዳበሳ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ነው። እሱም በዚያ ሰዓት ቤቱ ነው። ዝም።

“ሸዋሉል...”

ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ድምፁ ጠበቀ... ጠበቀ... ከዚያ አለፋት።

እፎይ አለች። ማርያምን፣ ይኸው ነው? ብላ ነው ያሰበችው። እንዲያውም ደፍራ ወደ ሮስተሯ ተመለሰች። ዓይኗ ቁጥር ላይ ነው፣ እጇ ይጽፋል፣ ሐሳቧ የስምንት ሰዓቱ ነገር ላይ ነው።

“ምስጋና...”

“አለ!”

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

እስክሪብቶው ከእጇ ወደቀ። ውጭ ጸጥ አለ። ከዚያ ድምፁ ከሜዳው ሳይሆን ከመስኮቱ ሥር መጣ። ቅርብ ነው። ደስ ያለው ይመስላል።

“ጀዲድ” አለ።

ሸዋሉል አረብኛ አታውቅም። ቃሉን ግን አልረሳችውም።

ምስጋና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰላም ገባ። ቆርቆሮውን በጥሩ ዋጋ አግኝቶ ደስ ብሎታል። ሸዋሉል እንዳየችው ዘላ አቀፈችው፤ እሱም “ምን ሆነሻል ዛሬ?” ብሎ ሳቀባት። አልነገረችውም። ምን ብላ ትንገረው?

“ስሚ እንጂ” አላት፣ “ቆርቆሮ እየጫንኩ አንድ ሰው ጠራኝ፤ ስዞር ማንም የለም።”

“ስንት ሰዓት ላይ?”

“ሰባት አልፏል። ምን አለ?”

“ምንም” አለች።

ጫማውን አወለቀ። ምስጋና ጫማውን አንዱን እዚያ፣ አንዱን እዚህ የሚወረውር ሰው ነው፤ አምስት ዓመት ስትለቅምለት ኖራለች። ያን ቀን ግን ጎን ለጎን አስተካክሎ፣ አፍንጫቸውን ወደ በሩ አዙሮ አስቀመጣቸው።

እራቱን ቀና ሳይል ጨረሰ። አላላመጠም፣ ዋጠው።

ንጋት ላይ ስትነቃ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ጫማውን አጥልቋል። ብርድ ልብሱ በአራት ማዕዘን ታጥፏል።

“ምስጌ... ምን ታደርጋለህ?”

“እየጠበቅኩ ነው” አላት።

“ምን?”

ትንሽ አሰበ። “እንጃ” አለ።

ረቡዕ ምሳ ላይ ናቸው። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ነው። ምስጋና ጉርሻው አፉ ውስጥ እንዳለ ብድግ አለ። ሳይናገር ወጣ። ሸዋሉል ነጠላዋን እየጎተተች ተከተለችው።

ሜዳው መሐል ሄዶ ቆመ። ብቻውን ነው። ሜዳው ላይ ሌላ ሰው የለም፣ እደግመዋለሁ፣ ሌላ ሰው የለም።

ቀኝ እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ወታደር ሰልፍ ሲያስተካክል አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ እንዲያ። ጣቶቹ አየር ላይ ታጥፈው የሆነ ነገር ላይ አረፉ። ትከሻ ላይ እንዳረፈ እጅ።

ከዚያ ሸዋሉል ግራ ትከሻውን አየች።

የሸሚዙ ጨርቅ ወደ ታች ተጭኗል። አራት ቦታ ላይ ጎድጉዷል። የማይታይ ሰው እጁን እንዳሳረፈበት።

“ምስጌ!” ብላ ጮኸች። ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

“ምስጋና...” አለ የደረቀው ድምፅ።

“መውጁድ!” አለ ባሏ፣ አንድ ቃል አረብኛ የማያውቀው ባሏ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ፊሽካው ሲነፋ እጁ ወረደ። ዞር አለና አያት። “እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ምግቡ አይቀዘቅዝም?” አላት። ምንም አያስታውስም።

ሸዋሉል በቀጥታ ወደ ሀይደር ቤት ሮጠች።

“ማን መለሰለት?” አለ ሀይደር፣ ገና አረፍተ ነገሯን ሳትጨርስ።

“እኔ።”

“ለራስሽ?”

“ለሱ። እሱ የለም ነበር... እኔ... አለ አልኩ። ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ አምላኬን! ልማድ ነው!” እዚያው በር ላይ ተንበርክካ አለቀሰች።

“ከዚህ አውጪው” አለ ሀይደር። “ሮስተር ተረክቤሻለሁ፣ ፈቃድም ሰጥቼሻለሁ። ነገ ይዘሽው ውጪ።”

ሐሙስ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍረው አሶሳ ገቡ። ምስጋና ቤቱን ላሳይሽ ብሎ ደስ እያለው ነው የሄደው። ሰባት ሰዓት ሲሆን ያላለቀው ቤታቸው ውስጥ ነበሩ። ሸዋሉል በሩን ከውስጥ ቀርቅራ ቁልፉን ጡት መያዣዋ ውስጥ ከተተች። ሰባት ከአሥር... ሰባት ከአሥራ ሦስት... ምስጋና የቀለም ባልዲ ላይ ተቀምጦ የመስኮቶቹን ልክ ይነግራታል።

ውኃ ልትቀዳለት ጀርባዋን ሰጠችው።

ስትዞር ባልዲው ብቻ ነው ያለው።

በሩ እንደተቀረቀረ ነው።

ስልኳ ጮኸ። ጥበቃው ዳበሳ ነው። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው።

“ቲቸር... የት ነሽ?”

“አሶሳ ነኝ።”

“ባልሽስ?”

ሸዋሉል ባዶውን ባልዲ አየች።

“ባልሽ እዚህ ነው፣ ቲቸር። በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁት ነው። ሜዳ ላይ ቆሟል... ከእግሩ ደም ይፈሳል።”

በሞተር ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈጅ መንገድ ነው። መኪና ስትፈልግ ውላ ማታ ስትደርስ የምስጋና ጫማ ሶል ተበልቶ አልቋል፤ ውስጥ እግሩ ተልጧል። ቀኑን ሙሉ በእግሩ የሄደ ሰው እግር ነው። እሱ ግን “ጫማው ምን ነክቶት ነው?” እያለ ይገርመዋል።

ትምህርት ቤቱ ለመንፈቅ ዕረፍት ተዘጋ። መምህራኑ ወደየአገራቸው ሄዱ። እነሱ ቀሩ።

ዓርብ ቆመ። ቅዳሜም ቆመ። ሸዋሉል በገመድ አልጋው ላይ አሰረችው፤ ገመዱ ሳይፈታ፣ ቋጠሮው እንዳለ፣ እሱ ሜዳው ላይ ተገኘ። በየቀኑ ያንን እጅ ይዘረጋል። በየቀኑ ትከሻው ትንሽ ትንሽ ዝቅ ይላል። የሚያወራው እየቀነሰ መጣ። ቅዳሜ ማታ “ሸዋዬ” አላለችውም... ማለቴ አላላትም። ስሟን የረሳው መሰላት።

እሑድ ጠዋት ሀይደር መጣ። “ሻዕባን ጋ እንሂድ” አለ። “የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ለማንም አይናገርም፣ ላንቺ ግን ምናልባት።”

ሻዕባን ሜዳው ጥግ ላይ በቀርከሃ በተሠራች ጎጆ ብቻውን የሚኖር ሽማግሌ ነው። የቀርከሃ አልጋ እየሠራ ይሸጣል። ዘመድ የለውም። ከዚያ ሁሉ ተዋጊ በሕይወት ያለው እሱ ብቻ እንደሆነ ይወራል። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ክረምት በጋ ሳይል በሩን ከውስጥ ይዘጋል።

አማርኛውን የተማረው ጫካ ውስጥ ከወታደሮች ነው፤ ስለዚህ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው።

“ስንት ጣቡር ቆመ?” አላት። ጣቡር የሚለው ሰልፉን ነው።

“አለ ካልኩበት ከማክሰኞ ጀምሮ አምስት። ዛሬ ስድስት ይሆናል።”

ሽማግሌው ቢላዋውን አስቀመጠ።

“ጀዲድ ማለት አዲስ ምልምል ነው። ምልምል ሰባት ጣቡር ይቆማል። ከዚያ ጠመንጃ ይሰጣል። ከዚያ ኸላስ... የነሱ ነው። ሰው ሞላ ማለት ነው። ሁሉም ይሄዳል፣ ባልህም ይሄዳል።”

“ነገ?” አለች ሸዋሉል።

“ነገ።”

“አባባ፣ በልጅዎ፣ በሚወዱት ይሁንብኝ፣ ምን ላድርግ? የለም ብል? ውሸቴን ነው ብል?”

“አንድ ጊዜ አለ ያለ አፍ፣ የለም ሲል እሱ አይሰማም።”

“እሱ ማነው?”

ሻዕባን ወደ ሜዳው አላየም። በሩን ወደዚያ ሳይሆን በጀርባ በኩል ነው የሠራው።

“አዛዡ ነው” አለ። “እኛ ስልሳ አንድ ነበርን። መንገዱን የማውቅ እኔ ነበርኩ። ፈንጂ የት አለ፣ ውኃ የት አለ፣ እኔ ነኝ የማውቅ። አንድ ቀን፣ ሰባት ከሩብ፣ ጣቡር። ከዚያ ድንበር ይሻገራል። እኔ... እኔ እዚህ ሰፈር አንዲት ልጅ ነበረች። እሷ ጋ ሄድኩ። ትንሽ ወንድም አለኝ፣ አልአሚን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት። ‘ለዛሬ ሸፍነኝ፣ ስሜን ሲጠራ መውጁድ፣ አለ በል፣ መንገድ ላይ እደርሳለሁ’ አልኩት።”

ሸዋሉልና ሀይደር ተያዩ።

“አለ። ሻዕባን ሲባል መውጁድ አለ። ሰው ሞላ ተባለ፣ ሄዱ። መንገድ መሪ አለ ብለው ነው የሄዱት። እኔ እንቅልፍ ወሰደኝ።”

ያስቀመጠውን ቢላዋ በእግሩ ወደ ጎን ገፋው።

“ፈንጂው ሁሉን በላ። አዛዡ ብቻ ተመለሰ፣ ሆዱን ይዞ። ደብተሩን ይዞ። ‘አንድ ሰው ጎደለ’ አለ። ሜዳው ላይ ቆሞ ጠራ። ሦስት ቀን ጠራ። እኔ ተደብቄ ሰማሁ። ሞተ፣ ቀበሩት። አራተኛው ቀን... ጠራ።”

“ነጻነቱ መጣ ሲባልስ?” አለ ሀይደር በቀስታ።

ሻዕባን ሳቀ፤ ሳቅ ከተባለ። “መጣ። ባንዲራ ተሰቀለ፣ በራዲዮ ሰማሁ። ግን መስመር ተሰመረ፣ የኔ አገር ከመስመሩ ወዲህ፣ ሰሜን ሱዳን ውስጥ ቀረ። ወንድሜ ለማን እንደሞተ አላውቅም። ጦርነት አለቀ ብሎ ለነሱም የነገራቸው የለም። ተበተኑ የሚል አዛዥ ነው፤ አዛዥ ደግሞ ሰው ሳይሞላ አይልም።”

ሸዋሉል እግሩ ላይ ወደቀች። ጫማውን ሳመች። “እርስዎ ነዎት የጎደሉት” አለች። “እርስዎን ነው የሚፈልግ። ባሌን ይልቀቁልኝ፣ አባባ።”

“የኔን ስም አይጠራም። እኔ አለ ተብዬ ተጽፌያለሁ። ራሴ ሄጄ ካልቆምኩ...”

“እንግዲያስ ይቁሙ!”

ሽማግሌው ልጅ እንደሚያለቅስ አለቀሰ። “እፈራለሁ፣ ያ ብንቲ” አላት። ልጄ ማለቱ ነው። “ሠላሳ አራት ዓመት ፈራሁ። ነገም እፈራለሁ።”

ከዚያ ተነስቶ ሁለቱንም አስወጣና በሩን ዘጋ።

ሰኞ።

እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር እያልኩ ብዙ አስቤያለሁ። እናንተም አስቡበት። ሳታስቡ ግን አትፍረዱባት።

ሰባት ከአሥር ላይ ሸዋሉልና ሀይደር ሜዳው ዳር ቆመዋል። ምስጋና ቦታው ላይ ነው። በቁስለኛ እግሩ ቀጥ ብሏል። ሻዕባን በሩን ዘግቷል፤ ከጎጆው ጭስ ይወጣል፣ ምሳ እየሠራ ነው።

ዋኖሶቹ ዝም አሉ።

ፊሽካ።

ሣሩ በረድፍ በረድፍ ተኛ። ሦስት ረድፍ። ሀይደር ቁርዓን ይቀራል። በዚያ ቀን የጠራው ሌላ ስም የለም። አንዱን ብቻ ጠራ።

“ምስጋና...”

ምስጋና አፉን ከፈተ። ሸዋሉል ቀደመችው።

“ሻዕባን አለ!” ብላ ጮኸች። “ሻዕባን አለ! አልሞተም! ቤቱ ነው! ያ በሩ የተዘጋው ቤት ውስጥ ነው! አለ! አለ! አለ!”

ሀይደር ክንዷን ያዛት። “ምን አደረግሽ?” አለ።

ሜዳው ዝም አለ።

ከዚያ፣ በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ድምፁ ያንን ስም ጠራ።

“ሻዕባን...”

የጎጆው በር በጀርባ በኩል ሲከፈት ተሰማ።

ሽማግሌው ጎጆውን ዞሮ ወጣ። የቀኝ እጁ ጣቶች ላይ ገንፎ አለ። ራሱን ወደ ኋላ ይጎትታል፣ እግሮቹ ግን ወደፊት ይሄዳሉ። በሸዋሉል አጠገብ ሲያልፍ አያት። የተቆጣ ፊት ቢያሳያት ይሻላት ነበር። እንባው ይወርዳል፣ ግን ራሱን ነቀነቀላት፤ አዎ፣ ልክ ነሽ እንደሚል።

ምስጋናን በትከሻው ገፋ አድርጎ ቦታው ላይ ቆመ። የጎበጠ ወገቡ ቀና አለ። እጁን ወደ ጎን ዘረጋ። ጣቶቹ የሚያውቁትን ትከሻ ያገኙ መሰሉ፤ ደባበሱት።

“መውጁድ” አለ።

የደረቀው ድምፅ በረጅሙ ተነፈሰ።

“ተማም።” ሞላ ማለት ነው።

ቀጥሎ አንዲት ቃል መጣች። ሀይደር በኋላ ነው የተረጎመላት፤ ተበተኑ ማለት ነው።

“ኢንስራፍ!”

ሜዳው ላይ የብዙ ሰው እግር ሮጠ። በየአቅጣጫው። አቧራው ተነስቶ ፀሐይዋን ሸፈነ፤ በሸዋሉል ግራና ቀኝ የሚሮጡ ሰዎች ንፋስ ነጠላዋን አራገበው። አንዱ የሳቀ መሰላት። እረፍት እንደወጣ ተማሪ ሳቅ።

አቧራው ሲሰክን ምስጋና ተንበርክኮ ያስመልሰዋል። “ሸዋዬ...” አላት፣ “እግሬን... እግሬን አመመኝ።” ስሟን ጠራ! አቅፋው እሪ ብላ አለቀሰች። የቆሸሸ ፊቱን ሳመችው፣ ፀጉሩን ሳመችው።

ከነሱ ሦስት እርምጃ ርቆ ሻዕባን በግንባሩ ተደፍቷል። ሀይደር አገላብጦ አየው፣ ዓይኑን በእጁ ከደነለት።

“ሞቷል” አለ። “ፀሐይ ላይ አይቆይም፣ ዛሬውኑ እንቀብረዋለን። እኔ ሰው ልጥራ። አንቺ ቤቱ ግቢና ከፈኑን አምጪ፤ አልጋው ራስጌ ባለው ሣጥን ውስጥ ነው። ነጭ አቡጀዲ ነው። ራሱ ነው ገዝቶ ያስቀመጠው።”

መሄድ አልፈለገችም። ግን የገደለችው እሷ ናት፤ እንዲህ ነው ያለችኝ፣ በራሷ አፍ። ከፈኑን ማምጣት አነሰባት እንጂ አልበዛባትም።

ምስጋናን ጥላ ሥር አስቀምጣ ሄደች። ጎጆውን ዞራ በጀርባ በኩል ደረሰች። በሩ ገርበብ ብሏል። ገፋ አደረገችው።

ውስጥ ሰው አለ።

መሬት ላይ ተቀምጦ የሻዕባንን ምሳ ይበላል። የማሽላ ገንፎ ከባሚያ ወጥ ጋር። ልጅ እግር ነው፣ አሥራ ዘጠኝ ቢሆነው ነው። የወታደር ሸሚዙ ክንዱ ላይ ተተልትሏል። ከፀጉሩ እስከ እግሩ ቀይ አቧራ ለብሷል። ብዙ መንገድ የመጣ፣ በጣም የራበው ሰው ነው፤ ሲውጥ ጉሮሮው ይሰማል።

ፊቱ የሻዕባን ፊት ነው።

ገንፎውን በጣቱ መሐል ለመሐል ከፍሎታል። የሚበላው የራሱን በኩል ብቻ ነው። በወዲያ በኩል ያለውን ግማሽ አልነካውም።

ቀና ብሎ አያት። አልደነገጠም። አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና ከትከሻዋ በላይ አሻግሮ፣ ወደ በሩ፣ ቀጥሎ የሚገባውን ሰው ፈለገ።

“ሻዕባን?” አላት።